አከራያችንን ያስታመምንበት ሁዳዴ

ከባለቤቴ ጋር እንደተጋባን የተከራየነው ቤት ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ የእግር መንገዱ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ ነበር። ከኋላችን ባሕር ዛፉ እስከ እንጦጦ ድረስ ይቀጥላል። ከፊታችን የአከራያችን ቤት አለ። መኪና እስከ ግቢው አይደርስም፤ ፍሪጅ እንኳን የገባው በሰው ትከሻ ነው።

አከራያችን ባለቤታቸው ከሞቱ የቆዩ፣ አንዲት ልጃቸውን ድሬዳዋ የዳሩ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው። ሚካኤልን ሳይሳለሙ ቀናቸውን አይጀምሩም። ቤቱን ልናይ የሄድን ቀን "ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁን።

"ፕሮቴስታንት ነን" አልኳቸው።

እግራችንን አዩና "ጫማችሁን በር ላይ ታወልቃላችሁ?" አሉ።

"እናወልቃለን።"

"እንግዲያው ግቡ።"

ችግሩ ረቡዕ ረቡዕ ነበር። ከሥራ በኋላ የጸሎት ኅብረታችን እኛ ቤት ይሰበሰባል። ቃል እናጠናለን፣ እንጸልያለን፣ ከዚያ መዝሙር ነው። እኛ መዝሙር ስንጀምር አከራያችን የሬዲዮናቸውን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ። ሬዲዮው ሲያሸንፈን እኛም ትንሽ እንጨምራለን። በማግስቱ ግቢ ውስጥ ስንገናኝ "እንዴት አደራችሁ? ጉሮሯችሁ ደህና ነው?" ይሉናል። ስቀን እናልፋለን። ተከባብረን ነበር የምንኖረው፤ ግን እኛም የእሳቸውን ደጃፍ አልፈን አናውቅም፣ እሳቸውም የእኛን።

ሁዳዴ በገባ ሰሞን አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል አዳለጣቸውና በር ላይ ወደቁ። ጩኸታቸውን ሰምተን ስንወጣ እግራቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከጎረቤት ጋር ሆነን በብርድ ልብስ ተሸክመን እስከ አስፋልቱ አወረድናቸው፤ በታክሲ ሆስፒታል አደረስናቸው። ከጭናቸው እስከ እግራቸው ጣት ጄሶ ታሰረላቸውና ከአልጋ እንዳይወርዱ ተነገራቸው።

ልጃቸው ከድሬዳዋ መጥታ ትንሽ አስታመመች። ግን ሥራም ልጆችም ጥላ ነበር የመጣችው። ስትሄድ ባለቤቴን አቅፋ "እናቴን አደራ" ብላ አለቀሰች። ይኸንኑ አደራ ለእናቷ የማኅበር ጓደኞችም ሰጥታ እንደነበር ያወቅነው በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ነው።

በዚያ ቀን ሁለት ሴቶች የአከራያችን በር ላይ ተገጣጠሙ። አንደኛዋ ከሚካኤል ማኅበራቸው የመጣች በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ምስር ወጥ በምሳ ዕቃ ይዛለች። ሌላዋ የእኛ ኅብረት አባል ናት፤ ጉርድ ሾላ ልብስ ስፌት ቤት አላት። ነገሩን ከባለቤቴ ስትሰማ ሱቋን ዘግታ፣ ታክሲ ቀያይራ፣ ያንን ዳገት በእግሯ ወጥታ ነው የመጣችው። በእጇ ፔርሙዝ አለ። እኔ ውሃ ላደርስ ገብቼ ነበርና ሁሉንም ሰማሁ።

"ምንድን ነው የያዝሽው?" አለች በርበሬ ነጋዴዋ።

"የአጥንት ሾርባ። ለስብራት ፍቱን ነው።"

"በሁዳዴ?"

"ታመዋል እኮ!"

"ታመዋል እንጂ አልካዱም!"

አከራያችን ከአልጋቸው ሆነው "ሁለታችሁም ግቡ፤ በር ላይ አትቁሙብኝ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ሾርባውን አንተ ውሰደው። እናንተ እንደሆነ ጾም አታውቁም" አሉኝ። እኔ ሳቅኩ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። አከራያችን አይተዋት እጇን ሳብ አደረጉ።

"የመለስኩት ሾርባሽን ነው እንጂ አንቺን አይደለም፣ ልጄ። ቁጭ በይ።"

ቁጭ አለች። በርበሬ ነጋዴዋም ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን ጠርጋ በርበሬ ነጋዴዋን "ታዲያ ምን ይዤ ልምጣ?" ብላ ጠየቀች።

"የሱፍ ፍትፍት ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"ነገ ሱቄ ነይ፤ አሳይሻለሁ።"

ሄደች። ሱፉ እንዴት እንደሚታመስና እንደሚጨመቅ ተማረች። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ተከፋፈሉት፤ ማኅበሩ የሚመጣበት ቀን አለ፣ ኅብረታችን የሚመጣበት ቀን አለ። ቀስ እያለ ግን የማን ተራ እንደሆነ መለየት ቀረ፤ ደስ ያለው ሁሉ ይመጣል። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ከባድ ነገር እንዳታነሳ ሁለቱም ወገን እኩል ይቆጧታል።

አንድ ቅዳሜ የአከራያችን የንስሐ አባት ጸበል ይዘው መጡ። ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ እኛም አለን፣ ማኅበርተኞቹም አሉ። አባ እንደ ልማዳቸው መስቀላቸውን አውጥተው በተራ ማሳለም ጀመሩ። አከራያችን ተሳለሙ፣ በርበሬ ነጋዴዋ ተሳለመች። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋና እኔ ነን። መስቀሉ ፊታችን ደርሶ ቆመ። እኛ አንሳለምም፤ እሳቸውን ማስቀየምም አልፈለግንም። አንገታችንን ደፋን። አከራያችን በዓይናቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

አባ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ መስቀላቸውን ቀስ ብለው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና እጃቸውን ዘረጉ።

"እጅስ ትጨብጣላችሁ አይደል?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አከራያችን "ወይኔ እግሬን! አታስቁኝ!" እያሉ ይስቃሉ። የአባን እጅ በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ አልኩ። ሳቁ በረድ ሲል አባ "በሉ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል አንሶላውን እንቀይርላቸው" አሉና ራሳቸው አንዱን ጫፍ ያዙ። እኔ ሌላውን ያዝኩ፤ ሴቶቹ ወገባቸውን ደገፉ። ስንጨርስ አባ ጸለዩ። አባታችን ሆይ ላይ ሲደርሱ ሁላችንም አብረን አልነው። እኛ የምንለውና እነሱ የሚሉት አንዳንድ ቃል ላይ ተጋጨ፤ ቢሆንም ተያይዘን መጨረሻው ደረስን። ከዚያ እነሱ ወደ እመቤታችን ጸሎት ሲያልፉ እኛ ዝም ብለን ቆመን ጠበቅናቸው።

ጄሶው የሚፈታበት ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። በብርድ ልብስ መውረድ አከራያችን እምቢ አሉ። "ከረጢት አይደለሁም!" አሉ። ስለዚህ የሳሎናቸውን ባለመደገፊያ ወንበር አወጣንና ከግራና ከቀኙ የባሕር ዛፍ አጣና አሰርንበት። ከማኅበሩ ወገን አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌርና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ከእኛ ወገን እኔና አንድ ባንክ የሚሠራ ወንድም ተሸከምን። አከራያችን ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ጉብ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ጃንጥላ ያዘችላቸው፤ በርበሬ ነጋዴዋ ከፊት ከፊት ድንጋይ እየለቀመች መንገድ ትጠርጋለች።

ገና ቁልቁለቱን ስንጀምር እርምጃችን አልገጠመም። ሾፌሩ ይፈጥናሉ፤ እኔ አጭር ነኝ፣ ወንበሩ ወደ እኔ ያጋድላል። የባንኩ ልጅ እርምጃ እንዲገጥም ብሎ የእኛን መዝሙር ጀመረ። ጥበቃው ደግሞ በዚያው ቅጽበት የሚካኤልን መዝሙር አነሳ። አንዱ ፈጣን ነው፣ አንዱ ዝግ ያለ። ወንበሩ እንደ ጀልባ ይወዛወዝ ጀመር።

"ቁም!" አሉ አከራያችን። ቆምን።

"አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እየዘመረ ገደል ልትከቱኝ ነው እንዴ? ዝም በሉ! እኔ እላለሁ፣ እናንተ ትቀበላላችሁ።"

እሺ አልን።

"ማን ይመስገን?" አሉ ከወንበራቸው ላይ።

"እግዚአብሔር!" አልን፤ አንድ እርምጃ።

"ማን አተረፈኝ?"

"እግዚአብሔር!" ሌላ እርምጃ።

ወዲያው እግራችን ገጠመ፤ ወንበሩም ቀጥ አለ። ትንሽ እንደሄድን አከራያችን ጣማቸው መሰለኝ ነገር ጨመሩበት።

"ማነው የሚቸኩል?"

"ሾፌሩ!"

"ማነው ያጠረ?"

ሦስቱም በአንድ ድምፅ "ተከራዩ!" ብለው ጮኹ። እኔም ከሳቄ ብዛት አጣናው ከትከሻዬ ሊያመልጠኝ ነበር። ሰው ከየበሩ ይወጣል። አንዲት እናት ሠርግ መስሏቸው እልል አሉ፤ ቀርበው ጄሶውን ሲያዩ እንደገና፣ የበለጠ አድርገው እልል አሉ። አስፋልቱ ላይ የታክሲው ሾፌር ላብ በላብ የሆነውን ሰው ሁሉ አይቶ "ከእናንተ ልጃቸው ማነው?" ሲል ጠየቀ።

"ሁሉም" አሉ አከራያችን። "ይልቅ በሩን ክፈት።"

ስለ ክርስቲያኖች ፍቅርና አንድነት ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። አንድ የምንሆነው ተከራክረን ስንግባባ ይመስለኝ ነበር። ስለ ጾሙም፣ ስለ መስቀሉም፣ ስለ ብዙ ነገር እስከ ዛሬ አልተግባባንም። አከራያችን አንድ ነገር እንደጎደለኝ ያምናሉ፤ እኔም ስለ እሳቸው የማስበው አለኝ፣ አንዳንዴም ቁጭ ብለን እንከራከራለን። ግን የአንድ ጌታ ሰዎች መሆናችንን ከዚያ ሁዳዴ ወዲህ ተጠራጥሬ አላውቅም። በትከሻዬ ነው ያወቅኩት።

ክረምት ሲገባ ባለቤቴ ሴት ልጅ ወለደች። አከራያችን በክራንች እያዘገሙ የመጀመሪያዋ ሆነው ገቡ። ጥቂት ቆይተው "ክርስትናዋ መቼ ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"እማማ፣ እኛ እኮ ሕፃን አናጠምቅም። አድጋ ራሷ አምና ነው የምትጠመቀው።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "እሺ። ድግሱን ግን አትከልክሉኝ።"

አልከለከልናቸውም። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጠረ። ማኅበርተኞቹ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ፤ ኅብረታችን ዘመረ። አባ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም እጃቸውን ጭነው ለልጅቷ ጸለዩ። ልብስ ሰፊዋ የሰፋችላትን ቀሚስ አለበሰቻት። በርበሬ ነጋዴዋ "ይህ እጅጌ ጠቧታል" አለች፤ "አልጠበባትም፣ ልጅቷ ናት የወፈረችው" ብላ ልብስ ሰፊዋ መለሰች፤ እንዲሁ ሲከራከሩ ዋሉ።

አከራያችን በዚያ ቀን ሕፃኗን ታቅፈው በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ ሲሉ አይቻለሁ። የክርስትና ስም ራሳቸው አውጥተውላት ኖሯል። እስከ ዛሬ የሚጠሯት በዚያ ስም ነው፤ እኛም ባወጣንላት እንጠራታለን። ልጅቷ አሁን ሮጣ አትጠግብም። በሁለቱም ስም ሲጠሯት "አቤት" ትላለች።