ሦስቱ ይመሮችና የእኛው

ትኩስ ካውያ እርጥብ ጨርቅ ሲነካ የሚወጣው ሽታ በደረሰኝ ቁጥር አሜሪካ ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር የነበረችው ጠባብ አፓርታማችን ትመጣብኛለች። እናቴ የሆቴል ዩኒፎርሟን ሳሎን ውስጥ ትተኩስ ነበር፣ የኤርፖርት ሻትል የሚነዳው አባቴም ሻዩን ይዞ ከአጠገቧ ይቀመጥ ነበር፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ጀማል ደግሞ ምንጣፉ ላይ በደረታችን ተኝተን የቤት ሥራችንን እንሠራ ነበር።

አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣ የጀማል አስተማሪ እያንዳንዱ ተማሪ የቤተሰቡን ስም የያዙ የታሪክ ሰዎች ፈልጎ በጸደይ ወላጆች በተሰበሰቡበት በፖስተር እንዲያቀርብ አዘዘች። የእኛ ስም ወረቀት ላይ ይመር ነው። ይመር የአባቴ አባት ናቸው፤ በአገራችን ሰው በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ ከትውልድ ትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለውም፣ አሜሪካ ስንመጣ ግን የአያታችን ስም በሁላችንም ላይ ረግቶ ቀረ። ጀማል ይህን አያውቅም ነበር። ጨዋታ ወዳዱ ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ደግሞ እያወቀ፣ ከኢንተርኔት ሦስት ይመሮች አውጥቶ አመጣለት፦ አንድ የጦር አዛዥ፣ አንድ የመንዙማ ደራሲ፣ አንድ የግመል ነጋዴ።

«አንተ! የሹም ዘር ሆነህ ነው ሻንጣ የምትጭነው?» አለው አባቴን እየሳቀ።

«ከድር፣ ልጁን አታሳስተው። እነዚህ የሌላ ሰው አባቶች ናቸው።»

«ባባ፣ ሴም ኔም ነው እኮ!» አለ ጀማል።

«የኔ አባት ኮምቦልቻ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነበር።»

«ጎሚስታ ፖስተር ላይ አይሆንም።»

አባቴ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ሺፍቱ ሄደ። እናቴ ካውያውን አቁማ ጀማልን አየችው። «አባቱ ሲሞቱ እዚህ ስለነበር በእጁ አፈር አላለበሳቸውም። አሁን አንተ በሹም ልትለውጥበት ነው?»

ጀማል ግን የአዛዡን ሥዕል ከፖስተሩ ላይ አላነሣውም።

ብርዱ ሲገባ፣ በአንድ እሑድ ጠዋት የመኪናችን ጎማ ተንፍሶ ተገኘ። አባቴ ጀማልን ጠርቶ ክሪኩን አስያዘው፣ እኔም ብርድ ልብስ ተከናንቤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ብሎኖቹን እየፈታ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «የአባቴ እጅ ሁልጊዜ ግራሶ ነበር፤ ልብሳችን እንዳይቆሽሽ በክርኑ ነበር የሚያቅፈን» አለ። ከዚያ በፊት ጎሚስታ ነበር ከማለት ሌላ ስለ አባቱ ሲያወራ ሰምተን አናውቅም ነበር። ጀማል ሳቀና በክርኑ ሊያቅፈው ሞከረ፣ ክሪኩ ሊወድቅ ሲል አባቴ ጮኸበት፣ ከዚያ ራሱም ሳቀ።

ጸደይ ሲደርስ ወላጆች ተጠሩ። አባቴ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ፣ ከነዩኒፎርሙ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጀማል ሦስቱን ይመሮች አንድ በአንድ አቀረበ፣ በደንብም አቀረበ፣ አስተማሪዋም ከሦስቱ የትኛው አያቱ እንደሆነ ጠየቀችው። የአዛዡን ሥዕል ትንሽ አየ፣ ከዚያ አባቴን ፈለገው።

«ማናቸውም አይደሉም» አለ በእንግሊዝኛ። «የእኛው ጎማ ይጠግን ነበር። ፎቶ የለንም። ልጆቹን የሚያቅፈው እንዲህ ነበር።» ሁለቱን ክርኖቹን ዘርግቶ ባዶ አየር አቀፈ። ልጆቹ ሳቁ፤ አባቴ ግን ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ጎንበስ አለ።

አሁን ጀማል እዚሁ ከተማ ሮድስ ራንች የሚባል ሰፈር ይኖራል፣ ልጆቹም ይመር ተብለው ይጻፋሉ። ያኔ ይመር የተፈለገልን ኢንተርኔት ውስጥ ነበር፤ የእሱ ልጆች ግን አባቴን ነው የሚጠይቁት። በዚህ ከተማ በዚያ ስም የምንጠራ በዝተናል፤ የሰውየውን ድምፅ የሰማው ግን አባቴ ብቻ ነው፣ እሱም አሁን ሲያወራ ቶሎ ይደክመዋል።