የአጎት ዌንግ ባቡሮች የታመሙ ዕለት

ፔይቸን ቺያይ ከተማ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትቀርጽ ብዙ ዓመት ኖራለች። ብናኙ ሳንባዋን ሲያስቸግራት ሥራውን ተወችና ቤቷ ተቀምጣ ኮምፒውተር ላይ በትንንሽ አራት ማዕዘን ነጥቦች መሳል ጀመረች። የቀኑን ሥዕል ለማታ እንዲሆን ነጥብ በነጥብ እንደገና ማቅለም ግን አንገሸገሻት። ስለዚህ መሳያው ፕሮግራም ላይ የሚገጠም ትንሽ መሣሪያ ሠራች። ቁልፉን ሲጫኑት የሥዕሉን ቀለም በአንዴ ይለውጠዋል። ለፈለገ ሁሉ በነፃ ለቀቀችው።

ከተጠቃሚዎቿ ሁሉ የምትቀርባቸው፣ ዘመዷ ባይሆኑም አጎቴ የምትላቸው አጎት ዌንግ ነበሩ። በደህናው ዘመን ከእርሻ ወደ ስኳር ፋብሪካ አገዳ የሚያጓጉዘው የሸንኮራ ባቡር ነጂ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ የባቡር ጌም ያዛቸው። ጌሙ ውስጥ የሸንኮራ ባቡር የለም። እሳቸው ታዲያ ራሳቸው እየሳሉ ይጨምሩበታል፤ ሌሎች ተጫዋቾችም እየተቀበሏቸው ይነዱታል።

አንድ ቀን ጠዋት ፔይቸን መሣሪያዋን አሻሽላ ለቀቀች፤ የሥዕሉን ቀለሞች ዝርዝር ከጥቁሩ ወደ ነጩ በተራ እንዲደረድር አድርጋ። ምሳ ሳይደርስ ስልክ ተደወለ። የአጎት ዌንግ ባለቤት አክስት ሲዩሜይ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው እህል አልቀምስም ብሏል። ባቡሮቼ ታመሙ ይላል።»

በሞተር ሳይክሏ በረረች። ስክሪኑን ስታየው ክው አለች። ባቡሩ ሮዝ፣ ጭሱ አረንጓዴ፣ ሸንኮራው ሰማያዊ ሆኗል። አጎት ዌንግ ሥዕሎቻቸውን በሙሉ በተሻሻለው መሣሪያ በአንዴ አሳልፈዋቸዋል፤ መሣሪያውም ነባሮቹን አጥፍቶ የተለወጡትን በቦታቸው አስቀምጧል።

«አጎቴ፣ ቅጂ የለዎትም?»

«አንቺን አምኜ ምን ቅጂ ያስፈልገኛል!»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የሰውየው የስንት ዓመት ልፋት ነው፤ እሷ ደግሞ ሳትፈትሽ ነው የለቀቀችው።

«ከተጋባን ጀምሮ እኔን አንድ ቀን አልሳለኝም» አሉ አክስት ሲዩሜይ ከበሩ ላይ። «ለብረት ግን እንባው ይመጣል!»

«ብረቱ አይጮህብኝማ!» አሉ አጎት ዌንግ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

ፔይቸን አንዱን ባቡር አጉልታ ትመረምረው ጀመር። መስመሩ አልተነካም። ጥቁር የነበረው ሁሉ ሮዝ ነው፤ አንድም ቦታ አልተደባለቀም። ያኔ ገባት። ሥዕሉ የሚያውቀው ቀለሙን ሳይሆን ቀለሙ በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ተራ ቁጥር ነው። መሣሪያዋ ቀለሞቹን ቦታ ሲያቀያይራቸው ለሥዕሉ አልነገረውም።

«አጎቴ፣ ምንም አልጠፋም! የድሮው አደራደር ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ። ለአዲስ ዓመት የላኩልኝ ባቡር ስልኬ ውስጥ አለ፤ ከነፋይሉ ነው የላኩልኝ!»

ፈልጋ አገኘችው። የቀለሙን አደራደር ከዚያ ወስዳ በታመመው ባቡር ላይ አኖረችው። ጥቁሩ ጥቁር ሆነ፣ ጭሱ ግራጫ፣ ሸንኮራው አረንጓዴ። አጎት ዌንግ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ቀሪዎቹም አንድ በአንድ ተመለሱ።

«አሁንስ ይበላል የተከበረው ነጂ?» አሉ አክስት ሲዩሜይ።

«ምን ትጠይቂያለሽ፣ አቅርቢ እንጂ!»

ከላይ የቱርክ ዶሮ ሥጋ የተነሰነሰበት ሩዝ ቀረበ። አጎት ዌንግ ሳህናቸውን አስደገሙ። ፔይቸን በአንድ እጇ እየበላች በሌላው መሣሪያዋን አስተካከለች፤ ከእንግዲህ ነባሩን ሥዕል ሳይቀዳ አይነካም። ለተጠቃሚዎቿም ስህተቱ የእሷ መሆኑንና እንዴት እንደሚታረም ጻፈችላቸው። ሻይ ሳይቀርብ አንዲት የማታውቃት ሴት ከሁዋልየን ከተማ መለሰችላት፦ «የኔም ተመለሰልኝ። ልቤ ቆሞ ነበር!»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ቀይ መብራት ያዛት። ብቻዋን እየሳቀች መሆኗን ያወቀችው፣ አጠገቧ በሞተር ሳይክል የቆመው ሰው ዞሮ ሲያያት ነው።

«ምነው፣ ሎተሪ ወጣልሽ እንዴ?» አላት።

«ኧረ የሚበልጥ ነው!» አለችውና መብራቱ ሲለቅ ሞተሯን ነዳችው።