የፕላስቲኩ እረኛ እንቅልፍ

የናፖሊው ጫማ ሰፊ ታማሮ በየገናው የቤተልሔምን ግርግም ከነድንጋያማ ኮረብታውና ከነእረኞቹ ቤቱ ውስጥ የሚያቆመው በእጅ በተሠሩ የሸክላ ምስሎች ብቻ ነበር። አንዲት በግ ለመምረጥ እንኳ ሠሪዎቹ ዘንድ ሲመላለስ ይከርማል። ፕላስቲክ ሲያይ ደሙ ይፈላል። «እረኛ ነው የሳሙና ጠርሙስ?» ይላል።

አንድ ዓመት ትንሿ ልጁ ሉቺዬላ የፕላስቲክ እረኛ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ይሄም ሕፃኑን ማየት ይፈልጋል።»

«ከድንጋዩ ጀርባ ሸሽጊው፤ ሰው አይቶ እንዳይስቅብኝ!»

ሸሸገችው። ሚያዝያ ላይ ልጅቷን ትኩሳት ቀጠፋት።

በተከታዩ ገና ጎረቤቱ ዶና ኢማኮላታ ግርግሙን ልታይ ገባች። ሸክላዎቹ ከሣጥናቸው አልወጡም። በየቤቱ ግርግም አናት ላይ አንድ የተኛ እረኛ አይጠፋም፤ ግርግሙ በሙሉ የእሱ ሕልም ነው፣ ከቀሰቀሱት ሁሉም ይጠፋል ይባላል። ታማሮ በዚያ ቦታ ያንን ፕላስቲክ በጎኑ አጋድሞታል።

«ዶን ታማሮ፣ ምን ነካዎት? ይሄ እኮ የቆመ እረኛ ነው፤ ዓይኑም ፈጧል!» ብላ ልታነሣው እጇን ሰደደች።

«ተይው!» አለ እጇን ያዝ አድርጎ። «ቀስ ብለሽ አውሪ። ልጄ ያለችው እሱ ሕልም ውስጥ ነው።»

በጩኸቷ ሰፈሩን የምታምሰው ኢማኮላታ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ኮቴዋን ሳታሰማ በባዶ እግሯ ወጣች።