ጎተራው ባዶ እንዳይሆን

ከባለቤቴ ጋር የሠራነው የመጨረሻ ሥራ በቆሎ ከግንድ ወደተሠራው ጎተራችን ማስገባት ነበር። እሱ በቅርጫት እያቀበለኝ እኔ ደረደርኩ። በሳምንቱ ዐረፈ።

ዛሬ በሩን ስከፍት የአሮጌ እንጨትና የቡና ሽታ ተቀበለኝ፤ አባቴን አስታወስኩ። ጎተራውን የሠሩት ቴፒ አጠገብ ቡና ሊተክሉ የመጡ ጀርመኖች ናቸው፤ የግንዶቹን ጫፍ እርስ በርስ አቆላልፈው፣ ያለ ምስማር። በደርግ ጊዜ እርሻው ተወርሶ እነሱ ሲሄዱ፣ የጎተራው ጠባቂ አባቴ ቀረ። አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ።

«አባባ፣ ግንዱ ለመሰብሰቢያ አዳራሽ ይፈለጋል። ነገ እናፈርሰዋለን።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የመንግሥት ቡና ሞልቶበታል። ዝናብ ላይ ላውጣው?»

«መቼ ያልቃል?»

«ሲያልቅ እጠራዎታለሁ።»

ቡናው ሲወጣ አባቴ በቆሎ አስገባ። በቆሎው ሲያልቅ ጆንያ በገለባ ሞልቶ ደረደረ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ገለባውን እየጠቀጠቅሁ ሳቅሁ።

«ሳቂ» አለኝ፣ «ብቻ ባዶ ሆኖ እንዳያዩት።»

ኋላ ቦታው ለእኛ ደረሰን። አሁን ልጆቼ ግንዱን ሽጪና እኛ ጋ ሚዛን ከተማ ነይ ይሉኛል። በቆሎው ሲያልቅ እነግራችኋለሁ አልኳቸው።

በቆሎው ሊያልቅ ነው። ጆንያ በገለባ እየሞላሁ ነው።