የቅዳሜ ስምንት

ከመንደራችን ከቤተ ልሔም የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። አርብ ገበያ ከተማ ዘመድ ቤት አድሬ በማለዳው አውቶቡስ ለመሳፈር ነበር። አባቴ መሪጌታ ይባቤ ተማሪዎቹን አሰናብቶ ቁልቁለቱ ድረስ ሸኘኝ፤ የበሶውን ከረጢት ራሱ ተሸክሞልኝ። ስንለያይ አላለቀሰም። «በሰው አገር መጀመሪያ መምህር ያዢ» አለኝ። «መምህር የሌለው ሰው የሚመሰክርለት የለም።»

አገራችንን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ መጨረሻ ላይ ወደኛ መጥቶ በጉባኤ ያስመሰክራል። መምህሩ «ያውቃል» እስኪሉለት ድረስ ስለ ራሱ አፉን አይከፍትም። እኔ ሴት ስለሆንኩ ጉባኤ አልገባሁም፤ ግን አባቴ ጾምና በዓል የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ሲያስቆጥር ከደጅ ሆኜ ሰምቼ ይዤዋለሁ። ያንን ይዤ ነው ኮምፒዩተር ልማር ጀርመን የገባሁት።

መጀመሪያ የተወሰደብኝ ስሜ ነው። የአድራሻ ምዝገባ ቢሮ የተቀመጠው ሰውዬ «ፍራው ይባቤ» ብሎ ጠራኝ፤ ወይዘሮ ይባቤ ማለቱ ነው።

«ይባቤ አባቴ ናቸው። እኔ ትሁኔ ነኝ።»

«ትሁኔ የመጀመሪያ ስምዎ ነው። የቤተሰብ ስምዎን ነው የምጠይቀው።»

«እኛ የቤተሰብ ስም የለንም።»

«ሁሉም ሰው አለው» አለና ማኅተሙን መታው። ይኸው እስከ ዛሬ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ በአባቴ ስም እየጠሩ ጉንፋኔን ያክማሉ።

አከራዬ ደግሞ በመጀመሪያው እሑድ ልብስ ሳጥብ በሩን አንኳኳች። «በእሑድ አይታጠብም» ስትለኝ ሰንበት የሚያከብር ቤት ገባሁ ብዬ ደስ አለኝ። «የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት?» አልኳት። «የትም አልሄድም። ማሽኑ ይጮኻል» አለችኝ። ብርዱ የጉና ተራራን ብርድ ያህላል፤ ልዩነቱ እኛ ዘንድ ሰው ተጠጋግቶ መቀመጡ ነው።

የአባቴን ቃል ጠብቄ መምህር ፈለግሁ። አገኘሁም፤ ጋሼ አዳሙ የሚባል የእስቴ ሰው፣ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ፣ ብዙ ዘመን እዚህ የኖረ የኮምፒዩተር ባለሙያ። በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ያለ ክፍያ የሚሠሩት የሶፍትዌር ማከማቻ አለ። ፕሮግራማቸውን አሽገው ያስቀምጡበታል፣ የፈለገ ሁሉ በነፃ ይወስዳል፤ እሽጉን ፓኬጅ ይሉታል። አዲስ ሰው ግን በራሱ አያስገባም፤ ነባር አባል አይቶ «ይሁን» ሊልለት ይገባል። ጋሼ አዳሙ ከነባሮቹ አንዱ ነው። ይህን ስሰማ ማስመስከር መሰለኝ። አገሬ የገባሁ ያህል ደስ አለኝ።

ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፍኩ። ነነዌ መቼ ይገባል፣ ፋሲካ መቼ ይውላል፣ ሁሉን ያወጣል። ሳሽገው ሜይንቴይነር የሚል ቦታ አገኘሁ፤ የፓኬጁ ባለአደራ ማለት ነው። ተማሪ ስሙን ከመምህሩ አያስቀድምምና «አዳሙ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ። መምህሬ ተነሥቶ «ታውቃለች» እስኪል።

ለእንቁጣጣሽ የአገር ልጆች ስንሰበሰብ ጋሼ አዳሙ ፕሮግራሙን ግድግዳው ላይ አብርቶ አሳየ። «ይህን የሠራሁት ለአባቶቻችን ውለታ ነው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ዳቦ እያዞርኩ ነበር። ከመድረኩ ሲወርድ ጠጋ ብዬ፣

«ጋሼ፣ የኔን ስም ረሱት» አልኩ።

«ስሙን የጻፍሽው ራስሽ አይደለሽም?» ብሎ ሳቀ። «ደግሞስ ትሁኔ የሚል ቢኖርበት ማን ይወስደዋል? ገና ተማሪ ነሽ። ቀስ በይ።»

ቀስ አልኩ። ትምህርቴን ሳላስተጓጉል፣ ባየሁት ቁጥር «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» እያልኩ፣ እሱ ፓኬጁ ላይ የሚነካውን ሁሉ በየማታው አነበብኩ። ሰው ያልዘራውን ሲያርም የት እንደሚሳሳት አውቃለሁ።

ተሳሳተ። በባሕረ ሐሳብ ቆጠራው ከእሑድ ሲነሣ ሰባት ይደመራል፣ ከሰኞ ስድስት፣ እያለ እስከ ዓርብ ሁለት ይወርዳል። ለቅዳሜ ግን አንድ አይባልም፤ ስምንት ነው። እሱ ስምንቷን አይቶ የልጅ ስህተት መሰለችውና አንድ አደረጋት።

ደውዬ ልነግረው እችል ነበር። አልደወልኩም። የፓኬጅ ጉድለት ሁሉም በሚያነብበት አደባባይ ላይ ይጻፋልና እዚያ ጻፍኩ። «ክቡር ባለአደራ ሆይ፣ የቅዳሜውን ስምንት ለምን አንድ እንዳደረጉት ቢያስረዱን?» ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ፣ ብራዚል የሚኖር፣ እሱም ይህንኑ ጠየቀ። ጋሼ አዳሙ «ሳምንት ሰባት ቀን ስለሆነ» ብሎ መለሰ። እኔም በአክብሮት፣ «እንደዚያ ከሆነ ቆጠራው ከቅዳሜ በሚነሣበት ዓመት ፋሲካ በሳምንት ይቀድማል። በእርስዎ ፓኬጅ የሚጾም ሰው በሆሳዕና በግ ያርዳል» አልኩ።

በዚያው ቀን ደወለ።

«ትሁኔ፣ በስልክ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«እኔ፣ ጋሼ፣ ጥያቄ በጉባኤ ሲጠየቅ ነው ያየሁት።»

«እሺ፣ መልሱን ንገሪኝና ልጻፈው።»

«እርስዎ የሠሩትን እኔ ምን አውቄ?»

ጭንቀቱ እንደ እሸት ጣፈጠኝ።

ሌላ ሰው ሌላ ጥያቄ ጨመረ፣ እሱ ዝም አለ። ባለአደራው ዝም ያለበትን ፓኬጅ ማከማቻው «ወላጅ የሌለው» ይለዋል፤ የሚችል ሰው ያነሣዋል። ብራዚል የሚኖረው አባል «ይሁን» አለልኝና እኔ አነሣሁት። ስምንቷን መለስኳት፣ ስሜንም ጻፍኩ። ማን ምን እንደቀየረ የሚያሳየው ዝርዝር ግን አይሰረዝም፤ «ስምንትን ወደ አንድ» ከሚለው ጎን የእሱ ስም አለ። «ፋሲካ ከመድረሱ በፊት ማብራሪያ ጻፊልኝ፣ ሳናውቅ ተሳሳትን በይልኝ» ብሎ ለመነኝ። አልጻፍኩም።

ባለፈው ሰንበት አባቴ ደወለ።

«ያ የእስቴው ልጅ አዳሙ ደውሎልኝ ነበር። አስታርቁኝ ይላል።»

«አለቀሰ አባባ?»

«አላለቀሰም። አፍሯል።»

«ደግ።»

ከአባቴ ኋላ ተማሪዎቹ ያዜማሉ። «ስምንቷን ከየት አወቅሽ?» አለኝ።

«ከደጅ።»

«እንግዲያስ ስሚኝ ልጄ። ይቅር በይው። ይቅር ካልሽው ነገ በተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ‹ታውቃለች› ብዬ እመሰክርልሻለሁ።»

ይህንን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ጠብቄዋለሁ። ለሴት ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

«አባባ፣ አይሰማም» አልኩት። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል።»

«ሃሎ? ትሁኔ? ሃሎ?» ይል ነበር። ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ የተማሪዎቹ ዜማ ሳይቀር፣ አንደኛው የት ላይ እንደሳተ ሳይቀር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ እሱ እስኪዘጋው ድረስ አንድም ቃል አልመለስኩም።