አመድ ያጠገብኩት ኮክ

ዝናብ የነካው አመድ ሽታ ባላሰብኩት ቦታ ያገኘኛል። ባለፈው ሳምንት፣ አሁን በምኖርበት ሩቅ አገር፣ መናፈሻ ውስጥ ሳልፍ ኦክ ከሚሉት ትልቅ ዛፍ ሥር ሰዎች ሥጋ ጠብሰው የደፉትን የከሰል አመድ ካፊያ አርጥቦት ሸተተኝ። ቀና ስል ዛፉ በበጋቸው እኩሌታ ቢጫ ሆኗል። ወዲያው በሐሳቤ ቀራንዮ ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ግቢያችን፣ ከኮካችን ሥር ተገኘሁ።

ኮኩን አባዬ የተከለው እኔ ክርስትና በተነሣሁበት ቀን ነበር። «እኩያሽ ነው» እያለ ስላሳደገኝ፣ ቁመቴን ከእሱ ጋር እየተለካካሁ፣ ምስጢሬን እየነገርኩት አደግሁ። ስምንት ዓመት ሲሞላን ግን እሱ ገና አንድም ፍሬ አልሰጠም ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ጎመናቸው ላይ ቆንጠር አድርገው አመድ ሲበትኑ አይቼ ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ያወፍረዋል» አሉኝ። ያን በጋ ሙሉ፣ እማዬ የምድጃውን አመድ ከግቢ ውጭ እንድደፋ ስትልከኝ፣ ማንም ሳያየኝ ባልዲውን እንዳለ ከኮኩ ሥር እገለብጠውና ቆሜ እጸልይለት ነበር።

ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ፣ የአጥሩ እንጨት እንኳ አረንጓዴ ለብሶ ሳለ፣ ኮኩ ቢጫ ሆነ። በእኛ ግቢ የኮክ ቅጠል የሚገረጣው በኅዳር ብርድ ነውና ሁሉም ግራ ገባው። እትዬ ብርቄ «ዓይን ነው! በር ላይ ተክላችሁት!» አሉ። አባዬ ልጡን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ትል ፈለገ፤ አጣ። «ከጎኑ ወዳለው ጌሾ ሳይጋባ፣ ፍልሰታ ሲገባ እቆርጠዋለሁ» አለ። እኔ ርቦት መስሎኝ አመዱን ጨመርኩለት። እኩያዬ ሲቆረጥ እኔ ምን እንደምሆን ማንንም መጠየቅ ፈርቼ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እየሰማሁ ሳንቀላፋ፣ ፀጉሬ ቢጫ ሆኖ ቀስ እያለ ሲረግፍ ይታየኝ ነበር።

ለጾሙ መግቢያ የንስሐ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። እማዬ «አባታችን፣ እሱንም ይርጩልን» ብላ ኮኩን ስታሳያቸው «መጀመሪያ ይናዘዝ እንጂ!» ብለው ሳቁና፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቁጢጥ አሉ። የገበሬ ልጅ ነበሩ። ከጫፍ አንድ ለጋ ቅጠል ቀንጥሰው ወደ ብርሃኑ አነሡት፤ ገላው ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ ነበር።

«ርቦት ቢሆን ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ይጀምር ነበር» አሉ። ከዚያም አፈሩን በጣታቸው ሲጭሩት፣ ከጭቃው ሥር እንደ ሊጥ የተጋገረ ነጭ አመድ ወጣ። «ማነው ይህን ያህል የጠላው?»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። አባዬ ያዘጋጀው መጥረቢያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«እኔ ነኝ። ግን ወድጄው ነው» ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

አባዬ «አንቺ! ዛፉን ምድጃ አደረግሽው እኮ!» ብሎ ሊቆጣ ሲል ሳቁ አመለጠው። አባ ግን አሁን አልሳቁም። በክርስትና ስሜ ጠሩኝ።

«ወለተ ማርያም፣ ምግቡማ ከሥሩ አለ፤ አመድሽ አፉን ዘግቶበት ነው። ቀኖናሽ ይህ ነው፤ አመዱን በእጅሽ ጠርገሽ ታወጫለሽ፤ ከዚያ እስከ መስቀል ምንም አትጨምሪበትም።»

«ጸሎትስ?»

«እሱን ከሩቅ።»

አባዬ መጥረቢያውን ወደ ጓዳ መለሰ። እኔም አመዱን አውጥቼ ስጨርስ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ኮኩን በሩቁ እዞረው ነበር። መስከረም ሲጠባ ከጫፉ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለች፤ ሮጬ ልነካት ብዬ ተውኩት።

አሁን አባዬ አርጅቷል። ኮኩ ስንት ፍሬ እንደያዘ በስልክ ይነግረኛል፤ ስለ ጉልበቱ ስጠይቀው ወሬ ይለውጣል። ያኔ ኮኩ ጋ እየደረሰ እጄን መሰብሰብ ነበር የከበደኝ፤ ዛሬ ልዘርጋው ብልም አባዬ ጋ አይደርስም። መናፈሻው ውስጥ ጎንበስ ብዬ የከሰሉን አመድ ከዛፉ ሥር በእጄ ጠረግሁ፤ ከዚያም ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምሁና አባ የተዉልኝን ጸሎት ጀመርሁ።