ኋላ ማርሽ በአሶሳ ሰማይ ላይ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የዓባይ በረሃን ጥምዝ ከእኔ ፊት ይልቅ ያውቀዋል እያልኩ እቀልድበት ነበር። ስለ ራሱ ሲያወራ ደጋግሞ የሚላት ነገር ነበረችው፤ «እኔ ኋላ ማርሽ የለኝም» ይላል። አንዴ ካለ አለ ነው። ቤታችን ውስጥ እሱ ከተናገረ በኋላ የሚቀረው ነገር ቢኖር ጫማ ማድረግ ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ አሶሳ ተመድቤ አስተምር ነበር። ክልሉ ያኔ ገና አዲስ ነበር፤ ቢሮዎቹ በኪራይ ቤት ውስጥ ናቸው፣ የአንዳንዱ ታፔላ ቀለም እንኳ በቅጡ አልደረቀም። ከየአገሩ ተሰብስበን የመጣን መምህራን ስለ ሙቀቱ እያማረርን፣ ማታ ማታ ደግሞ ማን ዝውውር እንደጠየቀ እናወራ ነበር። እኔ አልጠየቅኩም። ከተማዋን ወድጃት ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን ለአባቴ ማስረዳት አልቻልኩም።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ያን ክረምት አብሬው ከርሜ ልመለስ ስል ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ «ሄጄ ይዣት እመጣለሁ» ብሎ አወጀ። ለእኔ «ዕቃሽን የሚሸክም ያስፈልግሻል» ነው ያለኝ። የመመለሻውን ትኬት ለሁለታችንም አስቆረጠ። እምቢ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም፣ እሺ ለማለትም ልቤ አልፈቀደም፤ ብቻ ተከተልኩት።

አይሮፕላን ሲሳፈር የመጀመሪያው ነበር። እንዳልፈራ ለማሳየት ስለ ክንፉ፣ ስለ ሞተሩ ድምፅ፣ ስለ ነዳጁ ሲያስረዳኝ ቆየ። ከመተላለፊያው ማዶ ቶብ የሚባለውን ደማቅ የሱዳን ኩታ የተከናነቡ፣ የአሶሳ አካባቢ የበርታ ተወላጅ የሆኑ እናት ተቀምጠዋል፤ አዲስ አበባ ዕቃ ገዝተው የሚመለሱ ነጋዴ ናቸው። አባቴ በተናገረ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አሶሳ ስንደርስ መጀመሪያ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ታዩ፣ ቀጥሎ የማንጎ ዛፎቹ። ጎማው ወረደ። መሬቱ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ሣሩን አንድ በአንድ ለይቼ ሳይ ዝናብ መስኮቱን ጋረደው፤ ሞተሩም በድንገት አገሳ። የአይሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና አለ። ከኋላችን አንዱ «በስመ አብ» ሲል ሌላው «ቢስሚላሂ» አለ። አባቴን ሳየው ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ፍሬን እየፈለገ ነበር።

«ተመለሰ እኮ!» አለና እጄን ያዘኝ። «አየሽ? አገሩም አልተቀበለሽም።»

«ይሄ ያለ ነገር ነው አባዬ። ዞሮ ይመጣል» አልኩት። በዚያ መስመር ከዚህ በፊትም ገጥሞኛል።

የበርታዋ እናት ሳቁ። «አባ፣ አትፍራ» አሉት። «አይሮፕላን ሰላም ብሎ ነው። እንግዳ ሲመጣ ዝም ብሎ ቤት ይገባል? ደጅ ቆሞ ሰላም ይላል፣ ከዛ ነው ሚገባ።»

በአባቴ አገር ሽማግሌ አንተ አይባልም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን እጄን እንደያዘ መስኮት መስኮቱን አየ። ከተማዋን ዞረን መጣን። በሁለተኛው ሙከራ ጎማው ቀይ አፈሩን በለስላሳው ነካ፣ ሰዉም አጨበጨበ።

እንደወረድን አባቴ ቀጥታ ወደ አብራሪው ሄደ። ወጣት ነው፤ ከክንፉ ሥር ካፊያውን ተጠልሎ ቆሟል።

«ስማ የኔ ልጅ፣ ምን አይተህ ነው የሸሸኸው?»

«አልሸሸሁም አባባ። ዝናቡ መንደርደሪያውን ጋረደብኝ። ነፋስ ቢዞርብኝም፣ ፍየል ቢገባብኝም ያው ነው፤ ካላማረኝ ተነስቼ እዞራለሁ። ሁልጊዜ ስወርድ ለመነሳትም ተዘጋጅቼ ነው የምወርደው።»

«ይሄን ሁሉ ሰው አሸብረህ አታፍርም?»

«የሚያስፈራውስ አፍሬ ባርፍ ነበር» አለው ፈገግ ብሎ።

ከአባቴ ጋር ወደ ቤቴ በእግራችን ስንሄድ፣ ያኔ ባጃጅ የሚባል ነገር አሶሳ አልደረሰም፣ «ሰማይ ላይም ኋላ ማርሽ አለ በይኛ» ሲል ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ እኔን ይዞ ስለ መመለሱ አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁበትም። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ድረስ ይሸኘኛል። ተማሪዎቼ ለብዙዎቹ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ «ቲቸር፣ መጣህ?» እያሉ ይከቡኛል። መጀመሪያ ቀን ሲሰማ ቆም ብሎ «ወንድ አደረጉሽ እኮ!» አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ገበያ ደግሞ በአይሮፕላን አብረውን የመጡት ነጋዴ አግኝተውት «አባ አትፍራ» ብለው ስም አወጡለት። የተሰጠውን ባሚያ ታቅፎ፣ ስሙን እያጉረመረመ ወደ ቤት ይመጣ ነበር። ደስ እንዳለው ያስታውቃል፣ እኔን ግን ያ ደስታ ይበልጥ አስጨነቀኝ፤ እምቢ ብለው የማሳዝነው እየመሰለኝ።

መሄጃችን ሲደርስ ዕቃዬን በሙሉ ጭነት እንደሚያስር አድርጎ በገመድ አሰረው። መጻሕፍቴንም፣ ድስቴንም። ያለቀሰች ልጅ ይዞ እንዳይሄድ ብዬ ፊቴን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ማረፊያው ቆመን ስንጠብቅ አይሮፕላኑ መጣ፤ ያን ቀን ሰላም ሳይል ነው ያረፈው። ተሳፋሪው ሲነሳ አባቴ የራሱን ሻንጣ አንጠለጠለና የእኔን እስር እግሬ ሥር አስቀመጠው። ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ፈታ።

«መልሰሽ ቤትሽ አስገቢው» አለኝ።

«ዘመዶቹን ምን ልትላቸው ነው አባዬ?»

«የሚያስፈራውስ አፍሬ ብወስድሽ ነበር» አለ።

ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፣ ግንባሬን ሳመኝ፣ ሄደ። የእኔ ወንበር ከጎኑ ባዶውን በረረ።